እንጨትና ጊዜ
በቤት ውስጥ ስለሚደረግ የእንጨት ሥራ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር




በዚህ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የእንጨት ሥራ ነው። ከዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስለ ምጣኔ ሀብት፣ ስለ ታሪክና ስለ ፖለቲካ ስለ ሆነ፣ አንዳንዶቻችሁ ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብባችሁ ፈገግ ማለታችሁን ሰምተናል። አንድ ጓደኛችንማ «ብላችሁ ብላችሁ አናጢ ልታደርጉን ነው?» ብሎናል። አይደለም። አናጢነት ሙሉ ሙያ ነው፤ ዕድሜ ይጠይቃል። እኛ የምንናገረው በትርፍ ጊዜው፣ በገዛ ቤቱ፣ ለገዛ ቤቱ የሚሆን ወንበርና ጠረጴዛ፣ ሣጥንና የመጻሕፍት መደርደሪያ ስለሚሠራ ሰው ነው። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ሰው አማተር ይሉታል፤ ቃሉም በላቲን «ወዳጅ» ከሚለው የወጣ ነው። በእኛ ዘንድ ግን አማተር ሲባል ብዙ ሰው የሚገባው «ያልቻለ» የሚል ስለ ሆነ፣ ይህን ትርጉም ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ጎን እንድትተዉልን እንለምናችኋለን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሳናነሣው የማናልፈው እንቅፋት አለ። ከእኛ መካከል አንዱ መላጊያ ገዝቶ ወደ ቤቱ የገባ ዕለት አባቱ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርንህ ለዚህ ነውን?» አሉት። እናቱም ጎረቤት እንዳያይ መጋዙን ከአልጋ ሥር ከተቱት። እኒህ ወላጆች ክፉ ሰዎች አይደሉም። የተማረ ሰው እጅ ከብዕር በቀር ሌላ መሣሪያ መያዝ አይገባውም የሚለው አሳብ ከእነርሱ በፊት የነበረ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ ምን ያህል የስድብ ስም እንደ ወጣላቸው እናንተም ታውቃላችሁ። ሰዳቢው ደግሞ የሚያርሰው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ፣ የሚለብሰው ሸማኔው የሠራውን፣ እንጀራውም የሚጋገረው ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል። መጋዙ ግን አሁንም ከአልጋ ሥር ነው።

ስለዚህ ነገር ብዙ መናገር ይቻል ነበር። ነገር ግን ስለ እጅ ሥራ ክቡርነት የሚደረግ ንግግር ብዙውን ጊዜ እጃቸው ምንም በማይሠራ ሰዎች የሚደረግ ስለ ሆነ፣ እኛ ወደ እንጨቱ መሄድን መርጠናል።

ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ አንዲት እናት ዕቁብ ሲደርሳቸው በነሐሴ ወር ለስምንት ሰው የሚበቃ የምግብ ጠረጴዛ አሠሩ። ጠረጴዛው በመጣ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ አየው፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳይ ነበር። በጥር ወር የልጃቸው ሠርግ ደርሶ ጠረጴዛው ሲሰናዳ ከመካከሉ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተገኘበት። እኒያ እናት በላዩ የጠረጴዛ ልብስ አለበሱበት፤ ሠርጉም አለፈ። አናጢው ግን በዚያ ሰፈር ሌባ ተብሎ ቀረ።

ለመሆኑ አናጢው ሌባ ነበርን? ይህን ለመፍረድ እንጨት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንጨት ባጭሩ ሲነገር እንደ ነዶ የታሰሩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። አሁን የተቆረጠ ዛፍ ውሃ የጠጣ ነው፤ ውሃው ሲመዘን የደረቀውን እንጨት ክብደት ግማሽ ያህል፣ በአንዳንዱም ዛፍ ከራሱ ከእንጨቱ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል። ይህም ውሃ በሁለት ዐይነት ተቀምጧል። አንደኛው በማሰሮ ውስጥ እንዳለ ውሃ በቱቦዎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። ሁለተኛው የቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ የመጠጠው ነው። የውሃው መጠን ከደረቀው እንጨት ክብደት ከመቶ ወደ 28 ወይም 30 ሲወርድ የመጀመሪያው አልቆ ሁለተኛው መውጣት ይጀምራል፤ እንጨት መኮማተር የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

መኮማተሩም በሁሉ ወገን እኩል አይደለም፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ርዝመቱ ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለ ሆነ እንደ ምንም ይቆጠራል። ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ባለው ወገን ግን በብዙው እንጨት ከመቶ ከ3 እስከ 6 ያህል፣ ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው ወገን ደግሞ የዚህን እጥፍ ገደማ ይኮማተራል። ድፍን ግንድ ሲደርቅ ከቅርፊቱ ወደ ልቡ የሚሰነጠቀው፣ ጣውላም እንደ አሸንዳ የሚጎብጠው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላስ ነገሩ አለቀን? አላለቀም። የሞተ እንጨት አየሩ ሲረጥብ ይጠጣል፣ አየሩ ሲደርቅ የጠጣውን ይመልሳል። የአየሩ ርጥበት ከመቶ 65 ሲሆን እንጨት ከመቶ 12 ያህል ውሃ ይይዛል፤ ወደ 80 ሲወጣ ወደ 16 ይጠጋል፤ ወደ 40 ሲወርድ 8 ገደማ ላይ ይረጋል። ይህን የማያምን ሰው የገዛ ቤቱን በር ይጠይቅ። ሐምሌ ላይ በትከሻ ተገፍቶ የሚዘጋ በር ጥር ላይ ነፋስ ያስገባል።

እንግዲህ የእኒያን እናት ጠረጴዛ እናስላ። የገበታው ወርድ 80 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። እንጨቱ ከርጥብነት እስከ ፍጹም ድርቀት በወርዱ ከመቶ 8 የሚኮማተር ቢሆን፣ ይህን ለ28 ስናካፍለው ውሃው በአንድ እጅ በጎደለ ቁጥር ከመቶ 0.29 ገደማ ይጠባል ማለት ነው። በነሐሴ 14 እጅ የነበረው ውሃ በጥር ወደ 8 ቢወርድ ልዩነቱ 6 ነው። ስለዚህ ገበታው ከመቶ 1.7 ያህል ይጠባል፤ ይህም ከ80 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ13 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትንሽ ጣት የሚያስገባው ይኸው ነው። ገበታው ግን ከሥሩ በተጋደሙት አግዳሚዎች ላይ ዙሪያውን በኮላና በምስማር ተጣብቋል። አግዳሚዎቹ በርዝመታቸው አይኮማተሩምና አንነቃነቅም አሉ። ገበታው መጥበብ አለበት፤ መጥበብ ካልተፈቀደለት መሰንጠቅ አለበት፤ ተሰነጠቀ። ይህን ያደረገው በጋው ነው።

«ታዲያ አናጢው ይህን አያውቅም ነበርን?» ትሉን ይሆናል። ምናልባት ያውቅ ነበር። እኛ ጠይቀን እንደ ተረዳነው፣ አብዛኛው አናጢ ጣውላውን የሚገዛው ደንበኛው በሚሰጠው ቀብድ ነው፤ ደንበኛውም ዕቃው በሁለት ሳምንት እንዲደርስለት ይፈልጋል። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ደግሞ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚባል የቆየ ልማድ በብዙ አገር አለ። እንጨቱ ዓመት ሙሉ ተደርድሮ ሲጠብቅ የአናጢው ልጆች ምን ይበላሉ? የቤቱን ኪራይስ ማን ይከፍላል? የምድጃ ማድረቂያ ያላቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህን ዓመት ወደ ሳምንታት ያሳጥሩታል፤ በሰፈር ውስጥ ያለው ባለ ሱቅ ግን ያን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። እንግዲህ በሁለት ሳምንት ካልደረሰ ብለን የምንጮኸው እኛው ገዢዎች ነን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በዚህ ላይ ለአናጢውም ለገዢውም እኩል የሚነገር ነው።

በዚህ ማታ ልንነግራችሁ የመጣነውም ዋና ነገር ይኸው ነው። በቤቱ የሚሠራ አማተር በእጁ ቅልጥፍና ከባለሙያው ጋር አይወዳደርም፤ ባለሙያው በአንድ ሰዓት የሚሠራውን እሱ አንድ ቅዳሜ ይጨርስበታል። በመሣሪያም አይወዳደርም። ዳሩ ግን ባለሙያው ገንዘብ ከፍሎ እንኳ ሊያገኘው የማይችል አንድ ሀብት አለው፤ እሱም ማንም የማይጠብቀው መሆኑ ነው። ጣውላውን ዘንድሮ ገዝቶ ለከርሞ ሊያስቀምጠው ይችላል። አንዱን እግር ሠርቶ ፈተና ሲደርስ ትቶት፣ ከፈተናው በኋላ ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ እንጨት ከሚፈልገው ነገር ሁሉ ዋናው በአማተሩ እጅ ነው። ከባለሙያው የተሻለ ጠረጴዛ የመሥራት ዕድል ያለው በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ ይህንም ትቶ እንደ ባለሙያው ልፍጠን ያለ እንደ ሆነ ሁለቱንም ያጣል።

ጊዜ ብቻውን ግን አይበቃም። የደረቀ እንጨትም በየወቅቱ እንደሚነፋና እንደሚጠብ አይተናልና፣ ዕቃው ሲሠራ ለዚህ መፈናፈኛ ሊተውለት ያስፈልጋል። በዚህ ነገር ቀደምት ሰዎች ከእኛ ይልቅ ብልሆች ነበሩ። የጠፍር አልጋን ተመልከቱ። አራቱ አግዳሚዎች በእግሮቹ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ጠፍሩ ርጥብ ሳለ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ጠቅላላውን ይስበዋል። እንጨቱ ቢነፋ ቢጠብ ጠፍሩ ተለጥጦና ተስቦ ይችለዋል፤ ቢላላም መልሶ መወጠር ነው። በርጩማን ደግሞ ተመልከቱ። በጅማ አካባቢ የሚሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለ ሆነ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ ሦስት ነጥብ አንድ ጠለል እንደሚወስን ጂኦሜትሪ የተማረ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ በጎርባጣ መሬት ላይ ለምን እንደማይንገዳገድ ልንነግራችሁ አያስፈልግም። ባለ አራት እግሩ የካፍቴሪያችን ወንበር ግን ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ካልተደረገለት አይቆምም።

ጥሩ የእንጨት በርም እንዲሁ ነው። ዙሪያው ክፈፍ ነው፤ በክፈፉ ውስጠኛ ጎን ቦይ ይቆፈራል፤ የመካከሉ ገበታ ያለ ኮላ በቦዩ ውስጥ ይገባል። በክረምት ሲነፋ ወደ ቦዩ ይገባል፤ በበጋ ሲጠብ ከቦዩ ይወጣል፤ ከውጭ የሚያየው ሰው ምንም አያውቅም። ለጠረጴዛውም መድኀኒቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ገበታው በአግዳሚዎቹ ላይ በኮላ አይጣበቅም፤ ከሥር በብሎን ይያዛል፤ የብሎኑም ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ገበታው ወርድ ሞላላ ይደረጋል። ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ገበታውም እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ተጨማሪ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የዕቁቡን ገንዘብ ያዳነው ነበር።

ስለ መጋጠሚያም ጥቂት እንበል። ብዙ ጀማሪዎች ሁለት እንጨት ሲያገናኙ ምስማር ይመታሉ። ምስማር ለሣጥንና ለአጥር መልካም ነው፤ ወንበር ላይ ግን ሰው ይወዛወዛል፤ ምስማሩም በእያንዳንዱ መወዛወዝ ቀዳዳውን ያሰፋል። ወንዴና ሴቴ የሚባለው መጋጠሚያ፣ ማለት የአንዱ እንጨት ጫፍ ተቀርጾ በሌላው ውስጥ በመሮ በተቦረቦረ ቀዳዳ የሚገባበት፣ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የግብፁ ንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር በ1922 እ.ኤ.አ. በተከፈተ ጊዜ በዚህ ዐይነት የተጋጠሙ ወንበሮችና አልጋዎች ከ3,200 ዓመት በላይ ቆይተው እንደ ቆሙ ተገኝተዋል። እርግጥ ነው፤ መቃብሩ ደረቅና አየሩ የማይለዋወጥ መሆኑ ረድቷቸዋል፤ ክረምትና በጋ አልተፈራረቀባቸውም። ቢሆንም ያን ያህል ዘመን የቆየ የምስማር ወንበር አናውቅም።

ሴቴውን ለመቦርቦር መሮው የተሳለ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ደነዝ መሮ ከተሳለው ይልቅ ሰው ያቆስላል፤ ምክንያቱም ደነዙን በኀይል ስንገፋው አምልጦ ወደ ግራ እጃችን ይሄዳል። ስለቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ማእዘን ይሳላል። የመሳያ ድንጋይ መግዛት ያልቻለ ሰው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስተዋት ቁራጭ ላይ ለጥፎ በውሃ ቢጠቀም እንደ ድንጋዩ ያገለግለዋል። መሮው የክንድ ፀጉር ሲላጭ ተስሏል ማለት ነው። ከእኛ አንዳንዶቹ ግራ ክንዳቸው ለምን ፀጉር እንደሌለው ስትጠይቁን ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ፤ የተማረ ሰው ለምን? ይህን ጥያቄ ሌሎች አገሮች ከእኛ በፊት ጠይቀውታል። በፊንላንድ ኡኖ ሲግኔዎስ የተባለ የትምህርት ሰው በ1866 እ.ኤ.አ. በወጣው የሕዝብ ትምህርት ደንብ የእጅ ሥራ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለወንዶች ልጆች ግዴታ እንዲሆን አደረገ። በስዊድንም ኦቶ ሳሎሞን የተባለ ሰው ኔስ በምትባል ስፍራ ለመምህራን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ከብዙ አገር የመጡ መምህራንን አስተማረ። ስሎይድ የተባለው የእርሱ ትምህርት በቢላዋ ከሚሠራ ትንሽ ነገር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ቤት ዕቃ የሚወጣ ነበር። ልብ በሉ፤ አሳቡ አናጢዎችን ለማፍራት አልነበረም። ልጁ ሥራውን በገዛ ዐይኑ እንዲመረምር፣ እንዲታገሥና በሌሎች የእጅ ሥራ ላይ እንዳይንቅ ለማድረግ ነበር። እኛ በበኩላችን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ይመስለናል። በድርሰት ላይ ያላወቁትን ነገር በረጅም ዐረፍተ ነገር መሸፈን ይቻላል፤ መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉን እንጂ ይህ ሲሆን አይተናል። ጠማማ መጋጠሚያን ግን ስኳድራ ሲያርፍበት ማንም ሊሸፍነው አይችልም።

ጆርጅ ናካሺማ የተባለው የአሜሪካ ተወላጅ፣ ወላጆቹ ጃፓናውያን የሆኑ፣ በታላቁ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1930 እ.ኤ.አ. በሥነ ሕንፃ የተመረቀ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ሌሎች ብዙ የጃፓን ተወላጆች በ1942 እ.ኤ.አ. ከነቤተሰቡ በአይዳሆ በረሓ በሚገኝ የግዞት ሰፈር ታሰረ። እዚያም ጌንታሮ ሂኮጋዋ ከሚባል በጃፓን ልማድ የሠለጠነ አናጢ ጋር ተገናኘ፤ ዲግሪ ያለው ሰው በአናጢው እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ከጦርነቱ በኋላ በፔንሲልቬንያ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ማለት እስኪሞት፣ በዚሁ ሥራ ኖረ። በጠረጴዛዎቹ ላይ ስንጥቅ ሲያገኝ አይደብቀውም ነበር፤ በስንጥቁ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተቀረጸ ጠንካራ እንጨት እያገባ ከዚያ ወዲያ እንዳይከፈት ያስረዋል። ዛሬ ሰዎች እነዚያን የተሰነጠቁ ጠረጴዛዎች በብዙ ገንዘብ ይገዟቸዋል። የእኒያ እናት ጠረጴዛም እንዲህ ያለ ቢራቢሮ ቢገባለት ኖሮ የጠረጴዛ ልብሱ ባላስፈለገ ነበር።

አባቶቻችን ስለ ተራ ሰው አትንገሩን የሚሉ እንደ ሆነም ጂሚ ካርተር አሉ። የአሜሪካ 39ኛው ፕሬዚዳንት በ1981 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ሲለቁ ባልደረቦቻቸው የሰጧቸው የመሰናበቻ ስጦታ የእንጨት ሥራ መሣሪያ ነበር። ጆርጅያ ውስጥ ፕሌይንስ በምትባለው ትንሽ ከተማቸው ባለው ቤታቸው ለብዙ ዓመታት ወንበርና ጠረጴዛ፣ አልጋና መደርደሪያ ሠርተዋል፤ አንዳንዱም ለበጎ አድራጎት ተሸጧል። በ2002 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበሉት በዚያው መላጊያ በያዙበት እጅ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በመቶ ዓመታቸው ዐረፉ። እኛ ይህን ለጓደኛችን አባት ነግረናቸው፣ «እሳቸው መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው ነው» ብለው መልሰውልናል። መልሱ ጥሩ ስለ ሆነ ለጊዜው ዝም ብለናል።

ስለ እንጨቱ ምርጫ ስንመጣ ነገሩ ከቤታችን ይወጣል። በአገራችን የቤት ዕቃ ሲባል ሁሉም ዋንዛ ይላል። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ መልኩ ያማረ፣ ብዙም የማይጣመም እንጨት ስለ ሆነ ምርጫው ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን እንዲህ እየመረጥን በመቁረጣችን ደኖቻችን ስለ ተመናመኑ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 እነዚህን አራቱን ከመንግሥት ደን መቁረጥን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ለመማሪያ ተብሎ የሚበላሽ ዋንዛ እኛን ያሳዝነናል። ጀማሪ ሰው ሌላ ምርጫ አለው። ቤት ሲፈርስ የሚወጣው አሮጌ ሞራሌና ጣውላ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የደረቀ ነው፤ ምስማሩን ነቅሎ መላጊያ ሲያሳልፉበት ከሥሩ የሚወጣውን ማየት ያስደስታል። የዕቃ ማመላለሻ የእንጨት ርብራብም በመርካቶ ይገኛል፤ በላዩ ላይ ግን የታተመውን ምልክት አንብቡ። ኤች ቲ የሚሉት ፊደላት ካሉ በሙቀት የታከመ ነውና ውሰዱት፤ ኤም ቢ የሚሉት ካሉ መርዝ የታጠነ ስለ ሆነ ተዉት። በመንገድ ዳር የምናየው ግራቪሊያም ሲሰነጠቅ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ መልክ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ለማገዶ ብቻ ያውለዋል።

ባሕር ዛፍ ደግሞ የሁላችን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአውስትራልያ ዘሩ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አዳናት፤ ለቤት ዕቃ ግን ሁሉም ይንቀዋል። ንቀቱ ምክንያት አለው። ግንዱ በውስጡ የተወጠረ ስለ ሆነ ሲሰነጠቅ ይጎብጣል፤ ሲደርቅም ብዙ ይኮማተራል፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንደ ሆነ በሳምንት ውስጥ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ያለውን እንጨት የንግድ አናጢ ሊጠብቀው አይችልም። እኛ ግን ጊዜ አለን ብለናልና በእሱ ላይ ለመሞከር ወስነናል። የጣውላውን ሁለት ጫፎች ወዲያው ቀለም ወይም ሰም መቀባት ያስፈልጋል፤ ውሃ ከጫፍ በኩል እጅግ ፈጥኖ ይወጣልና። ከዚያ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየጣውላው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እየተጋደሙ ይደረደራል፤ ነፋስ በመካከሉ ያልፋል። በላዩ ድንጋይ ይጫናል። ዝናም እንዳያገኘው ይከደናል። ሌላው ሥራ የአየሩ ነው።

ለሥራ ቤት ደግሞ ትልቅ ስፍራ አያስፈልግም፤ የበረንዳ ጥግ ይበቃል። መሥሪያ ጠረጴዛው ከባድ መሆን አለበት፤ ቁመቱም ቆመን ክንዳችንን ወደ ታች ስንዘረጋ መዳፋችን የሚያርፍበት ያህል ነው። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ስኳድራና አንድ ሞርሳ ካሉ ሥራው ይጀመራል። የኤሌክትሪክ መጋዝ ለመግዛት የሚቸኩሉትን በጣቶቻቸው ቁጥር እንዲያስቡበት እንመክራለን። የእንጨት ብናኝም የዋዛ ነገር አይደለም፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል። ስለዚህ አፍንጫን መሸፈንና ብናኙን ቤት ሳይገባ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በበረንዳ መሥራታችን በዚህም ይጠቅመናል።

ለማስጌጫ ቫርኒሽ ውድ ከሆነ የተልባ ዘይት አለ። ከተልባ የሚወጣው ዘይት እንደ ወይራ ዘይት ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ይደርቃል፤ በእንጨቱም ውስጥ ገብቶ መልኩን ያወጣል። በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ የተረፈውን መጥረግ፣ ጥቂት ቀን መጠበቅና መድገም ነው። ነገር ግን ይህን በደንብ ስሙን፦ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ በአንድ ጥግ የተጣለ እንደ ሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድድ ይችላል። ጨርቁን በውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም በውሃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ከአልጋ ሥር ግን አትክተቱት።

የባሕር ዛፉ ጣውላ አሁን በአንድ ጓደኛችን ቤት ጓሮ በመከታ ሥር ተደርድሯል። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ደርቆ እንደ ሆነ በግምት አንናገርም፤ ከመካከሉ አንድ ቁራጭ ለይተን በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንመዝነዋለን፤ ክብደቱንም በራሱ በእንጨቱ ላይ በእርሳስ እንጽፋለን። ክብደቱ መውረዱን ትቶ ከአየሩ ጋር ትንሽ ብቻ ከፍና ዝቅ ማለት ሲጀምር ያን ጊዜ መጋዝ እናነሣለን። የመጀመሪያው ሥራ የሚሆነው ለተማሪዎች ንባብ ክፍል አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ የብሎኖቹም ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል። ሚዛኑን የምናገኘው ከጎረቤት ባለ ሱቅ በውሰት ስለ ሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መመለስ አለብን፤ ለመመዘን የምትመጡ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ድረሱ።